ኦቶማንን የሚያህል መንግስት እያለ ፖርቹጋል ባህሩን እንዴት ወሰደችው? የታሪክ ሰዎች እስቲ ኑ

የቀፊራዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ የድሬና የሐረር ልጆች። ታናሽ ወንድሜ 11ኛ ክፍል ነው፣ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያጠናል እኔም ጨርቅ እያጣጠፍኩ አብሬው አነባለሁ፣ እና ትናንት አንድ ነገር ጠይቆኝ መልስ አጣሁ። አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው እሺ።

ኦቶማን በ1453 ቁስጥንጥንያን ወስዷል። ግብፅና ሶርያ ማምሉኮች አሉ። ኢራን ላይ ሻህ ኢስማኤል በ1501 ታብሪዝ ነግሶ ሳፋቪድን አቁሟል፣ በ1526 ደግሞ ሙጋል ህንድ ይገባል፣ ምዕራብ አፍሪካ ላይ ሶንጋይ አለ። ማለት ካርታውን ስታዩት ከኒጀር ወንዝ እስከ ህንድ ድረስ ሁሉም ሀብታም ሁሉም ባለ ጦር ነው። በዚህ መሀል ህዝቧ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም የማያልፍ ፖርቹጋል ቫስኮ ዳ ጋማን በ1498 በሶስት መርከብ ህንድ ካሊኩት ታደርሳለች፣ ከዛ ጎዋ 1510፣ ማላካ 1511፣ ሆርሙዝ 1515፣ በቃ 20 አመት ሳይሞላ። ወንድሜ ምን አለኝ "መድፉ እነሱ ጋ፣ ብሩ እነሱ ጋ፣ ሰዉ እነሱ ጋ፣ ታዲያ ምን ጎድሏቸው ነው?"

ሌላው ደግሞ እኛስ የት ነበርን? መጽሐፉ ላይ የኦቶማን ምዕራፍ ለብቻው የአዳል ምዕራፍ ለብቻው ነው፣ ግን ዘይላ እኮ የሐረር የባህር በር ነበረች፣ እንዴት አይገናኝም? የምታውቁ እርዱኝ፣ ቅዳሜ እመልስልሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ።

መምህር ከሳቢያን፦
እህቴ ወንድምሽን ጎበዝ በይልኝ፣ ስንት አመት ታሪክ ሳስተምር እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የጠየቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው። የኔ መልስ ምንም አልጎደላቸውም፣ ፊታቸው ወደ የብስ ነበር የሚል ነው። የነዚህ መንግስታት ጦር ምን ይበላል? የገበሬ ግብር። ኦቶማኑም ሙጋሉም የቆመው በመሬት ግብር ነው። ባህር የነጋዴ ስራ ነው፣ መንግስት ወደብ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረጡን ይቀበላል አለቀ። ከኪልዋ እስከ ጉጅራት እስከ ማላካ ሙስሊሙም ሂንዱውም አይሁዱም እየነገደ ነው የኖረው፣ ፖርቹጋሎች ግን ሲመጡ ባህሩ ራሱ የኛ ነው አሉ። ካርታዝ የሚባል ፈቃድ ወረቀት አወጡ፣ ያንን ከነሱ ያልገዛ መርከብ ይወረሳል ወይ ይቃጠላል። ለዛ አካባቢ ነጋዴ ይሄ እንግዳ ነገር ነው።

ሁለተኛው የእርስ በርሱ ነው። ለኦቶማኑ ሱልጣን ሰሊም ፖርቹጋል የሩቅ ወሬ ነው፣ ሻህ ኢስማኤል ግን እዛው አናቶሊያ ውስጥ ተከታይ አለው፣ ማለት ቤቱ ገብቶበታል። በ1514 ጫልዲራን ላይ ተገናኙ፣ ኦቶማኖች ጋሪዎቻቸውን በሰንሰለት አያይዘው እንደ አጥር አቆሙና መድፉን መሀሉ ደረደሩት፣ ከኋላ ጃኒሳሪ የሚባሉት የሱልጣኑ እግረኛ ወታደሮች ነፍጣቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፣ የኢስማኤል ፈረሰኛ ያን አጥር መስበር አቃተው። ከዛ በኋላ ኢስማኤል እስኪሞት 10 አመት ሙሉ ራሱ ጦር መርቶ አልወጣም። ሰሊም ደግሞ ዞረና ማምሉኮች ላይ ሄደ፣ 1516 ሶርያ መርጅ ዳቢቅ፣ 1517 ጥር ላይ ካይሮ አፍንጫ ስር ሪዳኒያ፣ ማምሉክ አበቃ። ያንኑ የጋሪ አጥር የሙጋልን መንግስት የመሰረተው ዛሂሩዲን ባቡር በ1526 ፓኒፓት ላይ አቆመው፣ ወደ 12 ሺህ ሰው ይዞ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውንና ዝሆን ያሰለፈውን የዴሊ ሱልጣን ኢብራሂም ሎዲን አሸነፈ። አየሽ መድፉ ነበር፣ የተተኮሰው ግን እርስ በርስ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር፣ ማምሉኮች እኮ ሞክረዋል። የቁንዶ በርበሬው ቀረጥ ሊቀርባቸው ስለሆነ ስዊዝ ላይ መርከብ ልናሰራ አሉ፣ ግን ግብፅ እንጨት ከየት ታምጣ። ጣውላው ከኦቶማን አገር በሜዲትራኒያን ይመጣል፣ ከዛ በረሃውን በግመል ተጭኖ ቀይ ባህር ይደርሳል፣ እዛ ይገጣጠማል። አንቺ የነጋዴ ልጅ ነሽ፣ የማጓጓዣውን ወጪ አስቢው እስቲ። በዚህ ሁሉ ልፋት የተሰራው መርከብ ህንድ ድረስ ሄዶ በ1509 ዲዩ የምትባል ወደብ ላይ በፖርቹጋሎች ተመታ።

መኪና ግርግር፦
አቦ ጥያቄውን ወደድኩት። መምህር ያለው ልክ ነው፣ የአካባቢው የንግድ መርከብ ፖርቹጋሎችን ለምን አልቻለም የሚለውን ግን እኔ በስፌት ላስረዳሽ፣ ስሜን እንዳየሽው (መኪና ግርግር የሐረር የሰፊዎች መንገድ ነው) የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ ጁገል ውስጥ የሲንገር ድምጽ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

የህንድ ውቅያኖስ የንግድ መርከብ በዛን ጊዜ አብዛኛው በሚስማር አይመታም፣ ይሰፋል። ወላሂ ስፌት ነው። ሳንቃዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጠማሉ፣ ዳር ዳሩን ይበሳል፣ ከኮኮናት ቃጫ የተገመደ ገመድ በቀዳዳው እየገባ እየወጣ ጥብቅ ተደርጎ ይሳባል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ከዛ በአሳ ዘይት ይታሻል። ይሄ ኋላ ቀርነት እንዳይመስላችሁ። አሸዋ ላይ ሲወጣ ወይ ድንጋይ ሲነካው ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም፣ ሲያረጅ ፈትቶ እንደገና መስፋት ይቻላል፣ ለንግድ ከዚህ የተሻለ አታገኙም፣ ከስንት ዘመን ጀምሮ ከአረብ አገር ህንድ ከህንድ ምስራቅ አፍሪካ በዚህ ነው የተመላለሱት።

ግን ለመድፍ አልተሰራም። መድፍ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል፣ አንዴ ቢሆን ይቻላል፣ ቀኑን ሙሉ ሲራገጥ የዋለ እንደሆነ ስፌቱ ይላላል። አባቴን ይሄን ነግሬው ምን አለኝ መሰላችሁ፣ ወፍራም ሸራ ላይ ክሩን ደጋግመህ ስትጎትተው መጀመሪያ የሚሄደው ክሩ አይደለም፣ መርፌው የበሳው ቀዳዳ ነው አለኝ፣ ቀዳዳው ይሰፋና ከዛ በኋላ ክር ብትቀይርም አይይዝልህም። እኔ እንጨቱም እንደዛ ይመስለኛል። የፖርቹጋሎቹ ግን የአትላንቲክን ማዕበል እንዲችል በወፍራም ግንድና በሚስማር የተመታ ነው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ከባድ መድፍ ደርድረው ሳይጠጉ ከሩቅ ይመታሉ። የነዚህ ደግሞ ስልታቸው ተጠግቶ በቀስትና በሰይፍ መርከብ ላይ መዝለል ነው፣ ሳይጠጉ ያልቃሉ።

መንገዱን ራሱ ቢሆን ብቻውን አላገኘውም እኮ፣ ቫስኮ ዳ ጋማ ማሊንዲ ላይ ባህሩን የሚያውቅ መሪ ተሰጥቶት ነው በነፋሱ ወቅት ተሻግሮ ካሊኩት የደረሰው።

ኤረር በር፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል። እኔ የሐረሩን ልመልስ ምክንያቱም የቀፊራዋ የጠየቅሽው ሁለተኛው ነገር ነው ልቤን የነካኝ፣ እኔም ተማሪ እያለሁ ለየብቻ ነው የተማርኩት፣ በኋላ አመቶቹን ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ስጽፋቸው ነው ነገሩ የገባኝ። ወንድምሽን አንድ አመት ብቻ ያዝ በይው፦ 1517።

1517 ጥር ላይ ሰሊም ካይሮን ያዘ፣ መምህር ያለው ነው። ከካይሮ ጋር መካና መዲናም ወደ ኦቶማን ዞሩ። በዚያው አመት የፖርቹጋል መርከቦች ቀይ ባህር ገብተው ጅዳ ደጃፍ ደረሱ፣ ጅዳ ማለት የመካ በር ነች። ሰልማን ረይስ የሚባል የባህር ጦር አዛዥ ወደቡን በመድፍ ጠብቆ አላስገባ አላቸው። አልቻሉም ተመለሱ። ሲመለሱ ታዲያ በመንገዳቸው ማንን አገኙ? ዘይላን። ገቡና አቃጠሏት። በዚያው አመት ደግሞ የዘይላው ኢማም ማህፉዝ፣ ስንት አመት ሙሉ ደጋውን ሲወጋ የኖረው ሰውዬ፣ ከአፄ ልብነ ድንግል ጋር ገጥሞ ተገደለ። እስቲ አስቡት ባንድ አመት ውስጥ ወደባችን ተቃጠለ፣ መሪው ሞተ፣ ከማዶ ደግሞ ካይሮን የሚገዛው ሌላ ሆነ። የዘይላ ነጋዴ የዝሆን ጥርሱንና ወርቁን ጭኖ ጨርቅ የሚያመጣው በዚሁ ባህር ነው፣ ባህሩ ሲታመም እኛም ታመምን ማለት ነው።

ከሶስት አመት በኋላ በ1520 ሱልጣን አቡበክር የአዳልን መቀመጫ ከደከር ወደ ሐረር አመጣው። የኛ ከተማ ዋና ከተማ የሆነችው ያኔ ነው። እዛው 1520 ላይ የፖርቹጋል መልክተኞች ምጽዋ ወርደው ወደ ልብነ ድንግል ወጡ፣ እዛው 1520 ላይ ሱለይማን ኢስታንቡል ነገሠ። ታዲያ ይሄ ለየብቻ ምዕራፍ ነው?

እና አንድ የማልስማማው አለ፣ "ባህሩን ወሰደችው" የሚለው። ነጥብ ነጥቡን ነው የያዘችው። ኤደንን በ1513 ሞክረው አልቻሉም፣ ቀይ ባህርን ዘግተው አያውቁም። ኦቶማኖች በ1538 ኤደንን፣ በ1557 ምጽዋን ያዙ፣ በ1500ዎቹ አጋማሽ ቁንዶ በርበሬው ተመልሶ በቀይ ባህር እስክንድርያ ይገባ ነበር። ሆርሙዝንም ሻህ አባስ በ1622 አስለቀቃቸው፣ መርከብ ስላልነበረው የእንግሊዞችን ተበድሮ ነው እሱም።

የለገሃሬ ልጅ፦
ኤረር በር አንተ ሰው አቦ ጥሩ አድርገህ አስረዳኸው። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ግራኝን ለመውጋት የመጣው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚባለው ከቫስኮ ዳ ጋማ ጋር ይዛመዳል ወይስ ስም ነው? እና ቱርኮቹ ስንት ነበሩ?

ኤረር በር፦
ልጁ ነው! የሥጋ ልጁ። አባቱ በ1498 ካሊኩት ደረሰ፣ ልጁ በ1541 ምጽዋ ላይ 400 ሰው ይዞ ወረደ። ያወረደውም ወንድሙ ነው፣ ኤስቴቮ፣ የህንዱ ገዢ የነበረው፣ ስዊዝ ድረስ ሄዶ የኦቶማንን መርከብ ሊያቃጥል ሞክሮ ሳይሳካለት ሲመለስ።

ወንድሜ አንድ ነገር በፍቅር ልለምንህ፣ እኛ ጋ ኢማም አህመድ ነው የሚባለው፣ እንደዛ ብትጠራው ደስ ይለኛል። እኔም በዛ ጦርነት የተቃጠለው ቤተክርስቲያንና ያለቀው ሰው አይሰማኝም ማለቴ አይደለም፣ ያ ሐዘን የኔም አገር ሐዘን ነው።

ቱርኮቹ፣ ከየመን ዘቢድ ከነበረው ፓሻ የተላኩ ወደ 900 የሚሆኑ ባለ ነፍጥና ትንሽ መድፍ ነው። በ1542 ወፍላ ላይ በነሱ ጉልበት ክሪስቶቮ ተማርኮ ተገደለ። ከዛ ኢማሙ አብዛኞቹን ቱርኮች ወደ የመን መለሳቸው፣ እሱ ጋ የቀሩት 200 ናቸው ይባላል። በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ከአፄ ገላውዴዎስና ከተረፉት ፖርቹጋሎች ጋር ገጠመ፣ እዛው ወደቀ። እነዛ ቱርኮች ባይመለሱ ኖሮ እያልኩ ስንቴ አስቤዋለሁ።

የማህፉዝን ልጅ ባቲ ድል ወንበራን ደግሞ እንዳትረሷት። የኢማሙ ሚስት ነች፣ ልጇ ተማርኮ ነበር፣ የገላውዴዎስ ወንድም ሚናስ ደግሞ ተማርኮ ለየመኑ ፓሻ ተልኳል፣ እና ሁለቱ ልጆች ተለዋወጡ። እናትና እናት ናቸው ይሄን ያደረጉት። ሐረር ተመልሳ አሚር ኑርን አገባች፣ አሚር ኑር በ1559 ገላውዴዎስን ገደለ፣ የጁገልን ግንብ ያሰራው እሱ ነው ብለን ነው እኛ የምናውቀው።

ደቻቱ ማዶ፦
ዘግይቼ ገባሁ ይቅርታ። የሐጁን ነገር ማንም አላነሳውም፣ እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚያመኝ እሱ ነው። ያ ካርታዝ የተባለው ወረቀት ለንግድ ብቻ አይደለም፣ ከህንድ በመርከብ ሐጅ የሚሄድ ሰውም ያንን መያዝ አለበት። ሙጋሎቹ በዛን ጊዜ ከአለም ሀብታም ከሚባሉት ናቸው፣ ግን የሙጋሉ ንጉሥ የአክበር አክስት ጉልበደን በጉም በ1570ዎቹ ከቤተ መንግስት ሴቶች ጋር ሐጅ ልትሄድ ስትነሳ ከፖርቹጋሎች ፈቃድ እስኪመጣ ሱራት ወደብ ላይ ተቀምጣ ጠብቃለች። የንጉሥ አክስት! በ1613 ደግሞ ይባስ ብለው ራሂሚ የምትባለዋን ትልቅ መርከብ ወረሷት፣ ባለቤቷ የንጉሥ ጀሃንጊር እናት ነች፣ ወረቀቱን ይዛ እያለ ነው የወረሷት፣ ሐጃጆች ተሳፍረውባት። ጀሃንጊር ምን አደረገ፣ የብስ ላይ ነው የሚችለው፣ ወደቡን ዘጋባቸው፣ የነሱ በነበረችው ደማን ላይ ጦር ላከ። መርከብ ግን አልነበረውም። መምህር "ፊታቸው ወደ የብስ ነበር" ያለው እዚህ ላይ ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየው።

ሌላ ለወንድምሽ የምትነግሪው፣ ማሊክ አምባር። በ1548 አካባቢ እዚሁ ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ በቀይ ባህር ተሻግሮ፣ ባግዳድ ሰልሞ፣ ህንድ አህመድናገር ደረሰ። እዛ ወታደር ሆነ፣ ጦር መሪ ሆነ፣ በኋላ አገሩን ራሱ የሚያስተዳድር ሆነ። ሙጋልን በደፈጣ ጦርነት ፋታ ነሳቸው። ጀሃንጊር በጣም ከመናደዱ የተነሳ የአምባርን የተቆረጠ ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ስዕል አሳለ፣ ሜዳ ላይ አላገኘውማ፣ ማሊክ አምባር በ1626 አልጋው ላይ ነው የሞተው። በዛ በተቃጠለ ባህር ስንት የኛ ልጅ እንደተሻገረ ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም፣ የአብዛኞቹን ስም ማንም አልጻፈውም።

የቀፊራዋ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ሱቅ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ደንበኛ ገብቶ እሱም ቆሞ ሰማ። ወንድሜ ደብተሩ ላይ 1517 ብሎ በትልቁ ጽፎ ከሱ ስር አራት መስመር አወጣ፦ ካይሮ፣ ጅዳ፣ ዘይላ፣ ማህፉዝ። መኪና ግርግር አባትህ ስለ ቀዳዳው ያለውን ደግሞ በጣም ነው የወደደው፣ አንድ የሸራ ቁራጭ አምጥቶ በመርፌ ሲሞክረው አመሸ፣ እውነትም ቀዳዳው ነው የሚሄደው።

እሁድ ሐረር ልወስደው ነው፣ በጠዋቱ ሚኒባስ። ግንቡን የት ጋ ላሳየው?

ኤረር በር፦
እንኳን ደህና መጣችሁ ብያለሁ ከአሁኑ። ከኤረር በር ግቡ፣ ከዛ በግንቡ ጥግ በውጭ በኩል በእግር ሂዱ፣ ታች እግሩ ስር ዋራባ ኑዱል የምንላቸውን ቀዳዳዎች ታያላችሁ፣ ማታ ማታ ጅብ የሚገባባቸው ናቸው፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ይክተትበት ውፍረቱን ያውቀዋል። ከዛ ውስጥ ገብታችሁ የአሚር ኑርን ቀብር ጠይቁ፣ አረንጓዴ ነው፣ ማንም ልጅ ያሳያችኋል። ስትደርሱ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ቡናው ቤት ይጠብቃችኋል።